የመገጣጠሚያ ሕመም እንዴት ይቆጠራል? ለሉፐስ አዲስ መድኃኒት ሲሞከር የሚሆነው

እ.ኤ.አ. በ2018 ባሪሲቲኒብ የሚባል ክኒን የሉፐስ ታማሚዎችን የመገጣጠሚያ ብግነት እንደሚያጠፋ የሚጠቁም ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ተስፋው ትልቅ ነበር። በጥር 2022 ግን የመድኃኒቱ ባለቤት ኢላይ ሊሊ፣ ለሉፐስ የጀመረውን ሥራ ማቋረጡን አስታወቀ። በመካከሉ ከ1,500 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ውስጥ ገብተው ክኒን ሲውጡ፣ ደም ሲሰጡ፣ ጣትና ጉልበታቸውን ሲያስመረምሩ ከርመዋል። ክኒኑ ያው ክኒን ነው። ታዲያ በመሃል ምን ተፈጠረ?

ይህን ጥያቄ ለእናንተ የማነሣው በምክንያት ነው። እዚህ አገር ያደግን ልጆች ዕብራይስጥ ማንበብ ከጀመርንበት ቀን አንሥቶ የቤታችን አስተርጓሚዎች ነን። ከኩፓት ሖሊም ደብዳቤ ሲመጣ የምናነበው እኛ፣ ሐኪም ቤት አብረን የምንገባውም እኛ ነን። አንድ ቀን ሐኪሙ ፊቱን ወደ እናታችሁ ሳይሆን ወደ እናንተ አዙሮ «ለእሷ የሚስማማ ኒሱይ ክሊኒ አለ፣ ትገባለች?» ሊላችሁ ይችላል። ወይም ታማሚዋ አንቺው ራስሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። ያን ጊዜ «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለት በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ በማስተርስ ትምህርቴ እንዲህ ዓይነት ጥናቶችን ሳነብ ነው የምውለው፤ ያነበብኩትን በአማርኛችን ላስረዳችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉፐስና «ቁርጥማት»

ሉፐስ በላቲን ተኩላ ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ ዛኤቬት የተባለውም ዜኤቭ ከሚለው ቃል ነው። በሽታው የሚነሣው የሰውነት መከላከያ ሲሳሳት ነው። ዘበኛው ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው ሲደበድብ ማለት ነው። ዱላው ቆዳ ላይ፣ ኩላሊት ላይ፣ ደም ላይ፣ ልብና ሳንባ ዙሪያ፣ መገጣጠሚያ ላይም ሊያርፍ ይችላል። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሥራ የሚያዝበት፣ ትዳር የሚመሠረትበት፣ ልጅ የሚወለድበት ዕድሜ ነው።

በሽታው በቆየ ቁጥር እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል። በተለይ የእጅ ጣቶች፣ የእጅ አንጓና ጉልበት። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ጣት አልታጠፍ ይላል፤ ጀበና ማንሣት፣ የልጅ ልብስ መቆለፍ ፈተና ይሆናል። ሆኖም የሉፐስ ብግነት እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ አጥንትን ብዙ ጊዜ አይበላም። በዚህ የተነሣ ራጅ ሲታይ አጥንቱ ንጹህ ነው። «ራጁ ምንም የለውም ተባልኩ» ብላ የምትመለስ ሴት ሕመሟ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ራጅ የሚያሳየው አጥንቱን ነው፤ የሚያመው ደግሞ በዙሪያው ያለው ሽፋንና ጅማት ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይመጣል። ወላጆቻችን «ቁርጥማት» ሲሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እየጠሩ ሊሆን ይችላል። አንደኛው መገጣጠሚያው ሳያብጥ የሚሰማ ሕመም ነው። ሁለተኛው መገጣጠሚያው አብጦ፣ ሲነኩት እያመመ፣ ጠዋት ለረጅም ሰዓት እየተሳሰረ የሚመጣው ብግነት ነው። ሦስተኛው ፊብሮሚያልጂያ የሚባለው፣ መላ አካልን የሚያዳርሰው ሕመም ሲሆን ከሉፐስ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል። አዲሶቹ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩት በሁለተኛው ላይ ነው። ሦስቱን ሳንለይ «ኮኤቭ ላ» ብለን ከተረጎምን፣ ሐኪሙ የሚሰማው ከተባለው ግማሹን ብቻ ነው።

ከወባ መድኃኒት የተነሣ መንገድ

ዛሬም ለሉፐስ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፤ በገበያ ስሙ ፕላክዌኒል። መነሻው የወባ መድኃኒት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወባ መከላከያ ሜፓክሪን የሚባል መድኃኒት የወሰዱ አንዳንድ ወታደሮች የቆዳና የመገጣጠሚያ ሕመማቸው እንደቀለለላቸው ተስተዋለ። በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም 18 የሉፐስ ታማሚዎችን በዚሁ መድኃኒት አክሞ ያየውን ጻፈ። በ1955 ሃይድሮክሲክሎሮኪን በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ወባን በቆላውና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች የሚያውቁ ወላጆቻችን ክሎሮኪን የሚለው ስም ለጆሯቸው አዲስ አይደለም። እናታችሁ ሐኪሙ የወባ መድኃኒት አዘዘልኝ ብላ ከተደናገጠች፣ ስህተት እንዳልሆነ አስረዷት። ዓይንን በየጊዜው ማስመርመር እንደሚያስፈልግም አትርሱ፤ መድኃኒቱ ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው የቆየ መሣሪያ ፕሬድኒዞንን የመሰሉት ስቴሮይዶች ናቸው። ፈጥነው ያስታግሳሉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ጣት ይታጠፋል። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንት ያሳሳሉ፣ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣሉ፣ ያወፍራሉ፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። የአውሮፓ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው ምክር፣ በቋሚነት የሚወሰደው ከተቻለ በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። አዲስ መድኃኒት የሚፈለግበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስቴሮይድ እንዲቀንስ።

አዲሱ ግን ቶሎ አልመጣም። ከ1955 በኋላ በአሜሪካ ለሉፐስ ተብሎ የተፈቀደ አዲስ መድኃኒት ቤሊሙማብ ነው፤ የተፈቀደውም በመጋቢት 2011። 56 ዓመት ማለት ነው። በ1955 ብዙዎቹ ወላጆቻችን አልተወለዱም፤ በ2011 እኛ እዚህ ትምህርት ቤት ነበርን። ከዚያ በ2021 አኒፍሮሉማብ ተከተለ። እንዲህ የዘገየው ሰው ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም። ብዙ ተሞክሮ ብዙ ወድቋል።

አንድ መድኃኒት እንዴት ይፈተናል?

ሥርዓቱ በደረጃ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ጤነኞች፣ መድኃኒቱን ወስደው ሰውነት ይቻለው እንደሆነና መጠኑ ስንት መሆን እንዳለበት ይታያል። በሁለተኛው ደረጃ በበሽታው የተያዙ ከአሥሮች እስከ ጥቂት መቶ ሰዎች ይገባሉ፤ ጥያቄው «የሚሠራ ይመስላል ወይ?» ነው። በሦስተኛው ደረጃ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይገቡና ጥያቄው ይጠነክራል፤ «በእርግጥ ይሠራል ወይ? ጉዳቱስ?» ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ አራተኛ ደረጃ አለ፤ መድኃኒቱ በብዙ ሕዝብ እጅ ከገባ በኋላ መከታተል ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ ሰዎች በዕጣ ይከፈላሉ። ግማሹ መድኃኒቱን ያገኛል፣ ሌላው ፕላሴቦ፣ ማለትም መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወይም መርፌ። ማን ምን እንደሚወስድ ታማሚዋም ሐኪሟም አያውቁም። ዕጣ የሚወጣው ሐኪሙ «ይቺ ታሳዝናለች፣ መድኃኒቱን ልስጣት» ብሎ እንዳያዳላ ነው። መታወቅ የሌለበት ደግሞ ሰው መድኃኒት እንደወሰደ ካወቀ የሕመሙ ስሜት ስለሚለወጥ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ «እናቴን ያለ መድኃኒት ሊተዉዋት ነው ወይ?» ይላል። በሉፐስ ጥናቶች እንዲህ አይደለም። በተለመደው አሠራር ሁሉም ተሳታፊ የቀድሞ ሕክምናውን፣ ፕላክዌኒሉንም ሆነ ስቴሮይዱን ይቀጥላል፤ አዲሱ መድኃኒት ወይም ፕላሴቦው በዚያ ላይ የሚጨመር ነው። ይህ ለታማሚው ጥሩ ነው። ለቆጣሪው ግን ችግር ይፈጥራል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እብጠትን መቁጠር

የደም ግፊት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ መለኪያው ቀላል ነበር፤ ቁጥሩ ወረደ ወይስ አልወረደም? የመገጣጠሚያ ሕመም ግን መለኪያ የለውም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች የነጥብ ሠንጠረዥ ሠሩ። አንዱ ስሊዳይ ይባላል። 24 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ምልክት ካለ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከሌለ ዜሮ። አዲስ የቆዳ ሽፍታ 2 ነጥብ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መገጣጠሚያዎች ላይ ከብግነት ምልክት ጋር ሕመም ካለ 4 ነጥብ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንዲት ሴት ጥናቱን ስትጀምር 10 መገጣጠሚያዋ አብጧል። ከስድስት ወር በኋላ 2 ብቻ ቀሩ። ቡና ታፈላለች፣ አውቶቡስ ላይ ብረቱን ትይዛለች፣ ሥራ ተመልሳለች። በስሊዳይ ግን መጀመሪያ 4 ነበረች፣ አሁንም 4 ነች። ምንም አልተሻላትም ተብሎ ይጻፋል። ሌላዋ ደግሞ ስትጀምር 2 መገጣጠሚያ ነበር ያበጠባት፤ አሁን 1 ቀረ። እሷ ከ4 ወደ 0 ወረደች፤ «ዳነች» ተባለ። ሠንጠረዡ አይዋሽም፤ የሚያየው ግን ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን እንጂ መቀነሱን አይደለም።

ቢላግ የሚባል ሌላ ሠንጠረዥ አለ። እሱ ሐኪሙን «ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር ተሻላት? ያው ነው? ባሰባት?» እያለ ይጠይቀዋል፤ በከፊል መሻልንም ይቆጥራል። ከእነዚህ በተጨማሪ 28 መገጣጠሚያዎችን አንድ በአንድ እየነኩ የሚያመውንና ያበጠውን መቁጠር አለ። ታማሚዋ ራሷ ሕመሟን ከ0 እስከ 10 የምትመዝንበትም አለ።

በትልልቆቹ ጥናቶች በጣም የተለመደው ዋና መለኪያ ኤስ አር አይ 4 ነው። በእሱ አንድ ሰው ተሻለው የሚባለው ስሊዳይ ቢያንስ በ4 ነጥብ ሲወርድ፣ በቢላግ አዲስ ከባድ ምልክት ሳይመጣና በሐኪሙ ግምትም ሳይብስ ነው። ልብ በሉ፤ የሚፈለገው 4 ነጥብ ነው፣ የመገጣጠሚያ ብግነትም ልክ 4 ነጥብ ነው። በብዙ ታማሚዎች ላይ የመድኃኒቱ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በጣቶቻቸው ላይ ነው ማለት ነው።

የአንድ ክኒን ታሪክ

ወደ ባሪሲቲኒብ እንመለስ። ክኒኑ ጃክ የሚባሉ በሴል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ ኢንዛይሞችን ያዳክማል፤ መልእክቱ ሲደክም ብግነቱም ይበርዳል ተብሎ ይታሰባል። በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ሠርቷል። በሉፐስ የሁለተኛ ደረጃ ጥናቱ 314 ሰዎች ገቡ፤ ዋናው ጥያቄም ግልጽ ነበር፤ በ24 ሳምንት ውስጥ የመገጣጠሚያ ብግነቱ ወይም ሽፍታው በስሊዳይ መሠረት ጠፋ ወይ? በቀን 4 ሚሊግራም ከወሰዱት 67 በመቶው ጠፋላቸው። ፕላሴቦ ከወሰዱት 53 በመቶው። 2 ሚሊግራም ከወሰዱት ደግሞ 58 በመቶው፤ ይህ ልዩነት ግን ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም።

ከዚያ ሦስተኛው ደረጃ፣ በሁለት መንትያ ጥናቶች። አሁን ጥያቄው ስለ መገጣጠሚያና ሽፍታ ብቻ ሳይሆን በ52 ሳምንት ኤስ አር አይ 4 ነበር። በአንደኛው 760 ሰዎች ገቡ፤ 4 ሚሊግራም ከወሰዱት 57 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 46 በመቶ ተሻላቸው። ጥሩ። በሁለተኛው 775 ሰዎች ገቡ፤ 47 በመቶ ለ46። ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ጥናት «አዎ» አለ፣ መንትያው «አይ» አለ። በመስከረም 2021 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስቀምጦ ነበር፤ በሩማቶይድ ታማሚዎች ላይ በተመሳሳይ መድኃኒት የተደረገ ጥናት የልብ ድካም፣ የካንሰርና የደም መርጋት አደጋ ከፍ ማለቱን አሳይቶ ስለነበር። ሉፐስ ራሱ ደምን የሚያረጋና ልብን የሚጎዳ በሽታ ነው። ጥቅሙ አጠራጣሪ፣ አደጋው የታወቀ፤ ኩባንያው ተወው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንድ ምክንያት ብቻ መጥቀስ አይቻልም፤ ግን ፕላሴቦ ከወሰዱት 53 በመቶው ብግነታቸው ወይም ሽፍታቸው መጥፋቱን ተመልከቱ። ባዶ ክኒን ይህን ያህል ይሠራል እንዴ? ነገሩ እንዲህ ነው። ሉፐስ እንደ ክረምት ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሰው ጥናት ውስጥ የሚገባው ወንዙ ሲሞላ፣ በጣም ሲያመው ነው፤ ምንም ባይደረግለትም ከጊዜ በኋላ የመጉደሉ ዕድል ሰፊ ነው። በዚያ ላይ የቀድሞ ሕክምናው ይቀጥላል፣ በየወሩ ስለሚመረመርም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል። ስለዚህ ፕላሴቦ ያገኘው ቡድንም ይሻለዋል፤ አዲሱ መድኃኒት ከዚያ በላይ ካላሻለ ልዩነቱ አይታይም።

ሌላም አለ። በሁለተኛው ደረጃ የታየው ልዩነት፣ ክኒኑ ምንም ባይሠራ ኖሮ እንኳ በአጋጣሚ ከ100 ጊዜ 4 ጊዜ ያህል ሊመጣ የሚችል ዓይነት ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። ለዚህ ነው ከአንድ ጥናት ተነሥቶ «መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና ሲላክላችሁ መጀመሪያ «ስንተኛው ደረጃ ነው? ተደግሟል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

አኒፍሮሉማብ ደግሞ የተገላቢጦሽ ታሪክ አለው። ኢንተርፌሮን የሚባለውን የመከላከያ ምልክት የሚዘጋ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው የሦስተኛ ደረጃ ጥናት በኤስ አር አይ 4 ሲለካ ወደቀ፤ እንዲያውም ፕላሴቦው 40 በመቶ፣ መድኃኒቱ 36 በመቶ። ሆኖም ቢላግን መሠረት ባደረገው ሌላ መለኪያ ሲታይ የተሻለ ይመስል ነበር። ተመራማሪዎቹ የሁለተኛውን ጥናት ዋና መለኪያ ወደዚያኛው ለወጡት፤ ማን ምን እንደወሰደ ከመገለጡ በፊት። ይህ «በፊት» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ውጤቱን አይቶ መለኪያ መምረጥ ዕጣው ከወጣ በኋላ ቁጥር እንደመግዛት ነው። ውጤቱ 48 በመቶ ለ32 ሆነ፤ መድኃኒቱም በ2021 ተፈቀደ። በከፊል የተሻላትን ሴት የሚያይ መለኪያ ከሌለ፣ የሚጠቅም መድኃኒትም ሊጣል ይችላል።

እኛ የት አለን?

እስካሁን የነገርኳችሁ ለማንም ይሠራል። የእኛን ቤት ብቻ የሚመለከት ነገርም አለ፤ ከደም ልጀምር። ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች፣ የየመን አይሁዶችና ሌሎች ሕዝቦች ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ቁጥራቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። በሽታ አይደለም፤ ከዘር የሚወረስና ከወባ መከላከል ጋር ከተያያዘ ደፊ ከሚባል የደም ምልክት ጋር የሚሄድ ነው። በእስራኤልም ከዐሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። የመድኃኒት ሙከራዎች ግን ብዙ ጊዜ «ኒውትሮፊሉ ከ1,500 ወይም ከ1,000 በታች የሆነ አይገባም» የሚል መስፈርት አላቸው። ጤነኛ ደም ይዛ የተወለደች ሴት በወረቀት ላይ «አትመጥንም» ልትባል ትችላለች። ይባስ ብሎ የነጭ ደም ሴል ማነስ ራሱ ከሉፐስ ምልክቶች አንዱ ሆኖ በስሊዳይ ነጥብ ይቆጠራል። ስለዚህ ከሕመሙ በፊት የነበረውን የደም ውጤት ፈልጎ ለሐኪሙ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው። በኩፓት ሖሊም ፋይላችሁ ውስጥ የድሮው ምርመራ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ቁጥራችን ነው። በአሜሪካ ሉፐስ በጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮቹ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበዛል፣ ብዙ ጊዜም ይከብዳል። ቤሊሙማብ በ2011 ሲፈቀድ ግን በጥናቶቹ ውስጥ የነበሩት ጥቁር ታማሚዎች ጥቂት ስለነበሩ መድኃኒቱ ለእነሱ መሥራቱ አልተረጋገጠም ነበር። ተቆጣጣሪው ለእነሱ ብቻ ሌላ ጥናት እንዲደረግ አዘዘ። ኤምብሬስ የተባለው ያ ጥናት 448 ሰዎችን ይዞ ውጤቱ የወጣው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ 49 በመቶ ለ42፣ መድኃኒቱ ወደ መጥቀሙ ያዘነበለ ግን በስታቲስቲክስ ያልተረጋገጠ። ጥቁር አሜሪካዊና ቤተ እስራኤል አንድ አይደሉም፤ ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ መገልበጥ አይቻልም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ በጥናት ውስጥ ያልተቆጠረ ሰው መልሱን ዘግይቶ ይሰማል።

ሦስተኛው አንደበታችን ነው። ሐኪሙ «ከ0 እስከ 10 ሕመምሽ ስንት ነው?» ሲል እናቶቻችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህ ጨዋነት ነው፤ በሰው ፊት ሕመምን መዘርዘር ነውር ነው ብለው አድገዋል። በሠንጠረዡ ላይ ግን 0 ወይም 1 ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩን ከመጠየቅ ይልቅ «ዛሬ ጠዋት ጀበናውን በአንድ እጅሽ አነሣሽው? ቀለበትሽ ይወጣል? ለመቆም ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የሰጠችውን መልስ እንዳለ ተርጉሙ። አታሳንሱት፣ አታክሉበትም።

ስለ እምነት

«ሙከራ» የሚለው ቃል በቤታችን ከባድ ነው፤ ሰው «መሞከሪያ አደረጉን» ሲል ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በ1996 ማኅበረሰባችን የለገሰው ደም ለጋሾቹ ሳያውቁ ሲጣል እንደነበር ሲሰማ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጡ። በ2013 ደግሞ የዴፖ ፕሮቬራ መርፌ ጉዳይ ከተነሣ በኋላ የጤና ሚኒስቴር፣ የሕክምናውን ትርጉም ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ ለሐኪሞች መመሪያ ሰጠ። ከዚህ በኋላ ወላጆቻችን ወረቀት ላይ ከመፈረማቸው በፊት ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም።

እኔ ግን የምለው፣ የዚህ ሁሉ መልስ ከጥናት መሸሽ ሳይሆን የሚፈረመውን መረዳት ነው። በእስራኤል በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ከ1980 ጀምሮ በወጣ ደንብ ይመራል። ቫዓዳት ሄልሲንኪ የሚባለው ኮሚቴ ሳይፈቅድ አይጀመርም፤ በኮሚቴው ውስጥ ከሐኪሞች ሌላ የሕዝብ ተወካይም ይቀመጣል። ሐስካማ ሚዳአት፣ ማለትም አውቆ መስማማት፣ ግዴታ ነው። የገባ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ በፈለገበት ቀን መውጣት ይችላል፤ መደበኛ ሕክምናውም አይነካበትም። በተለይ ለሴቶች አንድ ነገር አስቀድሞ ይነገር፤ በእነዚህ ጥናቶች መውለድ የምትችል ሴት የእርግዝና መከላከያ እንድትጠቀም ትጠየቃለች፤ ምክንያቱም አዲሱ መድኃኒት በጽንስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና አይታወቅም። ካለን ታሪክ አንጻር ይህን በችኮላ ተርጉሞ ማለፍ አይገባም። ለምን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን እናቲቱ ወይም እህታችን በራሷ ቋንቋ ትስማ።

ከመፈረም በፊት

እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ግቡ፦

ጥናቱ ስንተኛው ደረጃ ነው? መድኃኒቱ እስካሁን በስንት ሰው ላይ ታይቷል?

የአሁኑ ሕክምና ይቀጥላል? ስቴሮይዱ ይቀነሳል ወይ፣ በሽታው ቢነሣሣስ ምን ይደረጋል?

ዋናው መለኪያ ምንድን ነው? በከፊል መሻል ይቆጠራል ወይስ ሙሉ በሙሉ መጥፋት ብቻ?

የኒውትሮፊል መስፈርቱ ስንት ነው? የቀድሞው የደም ውጤት ይታያል ወይ?

ጥናቱ ሲያልቅ፣ መድኃኒቱ ከጠቀመ፣ መቀጠል ይቻላል? ወይስ ሳል ሃብሪዩት ውስጥ እስኪገባ መጠበቅ ነው?

በስንት ቀን አንዴ መምጣት ያስፈልጋል? የሥራ ቀንና የመንገድ ወጪ ማን ይሸፍናል?

ስምምነቱን በአማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ አለ?

የመጨረሻው በተለይ ለእናንተ ነው። ልጅ የእናቱን የስምምነት ወረቀት ብቻውን መተርጎም የለበትም። የማናውቀውን የሕክምና ቃል ዘለን እናልፋለን፣ ያስደነግጣታል ያልነውን እናለሳልሳለን። ይህ ክፋት ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ፈራሚዋ ግን እሷ ናት። ጠነ ብሪዩትን የመሰሉ በማኅበረሰባችን ውስጥ በጤና ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ በስልክ የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎችም አሉ። ሐኪሙን «አስተርጓሚ ይደወልልን» ማለት መብት ነው እንጂ ውለታ መጠየቅ አይደለም። በአገሪቱ የሚካሄዱ ጥናቶችን በጤና ሚኒስቴር ማይ ትራይልስ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል። ወረቀቱን ቤት ወስዶ ማንበብ፣ ከዘመድ መማከር፣ ከሳምንት በኋላ መመለስም ይቻላል።

በባሪሲቲኒብ ጥናት ፕላሴቦ ደርሷቸው ዓመት ሙሉ ባዶ ክኒን የዋጡት ሴቶች ለፍተው ቀሩ አልልም። በእነሱ ምክንያት ነው ዛሬ ሐኪሞች አጠራጣሪ ጥቅምና የታወቀ አደጋ ያለውን መድኃኒት ለሉፐስ ከማዘዝ የተቆጠቡት። አንድ ሰው «እገባለሁ» ቢል ይህን አውቆ ይግባ፤ «አልገባም» ቢልም ይህን አውቆ ይቅር። ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ነው። ትክክል የማይሆነው፣ የሚታመመው ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሌላው ስለ እሱ ሲነጋገር ብቻ ነው።